ክለብና ተጫዋች በቁራኛ

በቡና አገር ከተሞች፣ ጅማም ይሁን አጋሮ፣ ሊሙ ገነትም ይሁን ሰቃ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጎረምሳው ሁሉ የት ገባ ብሎ መጠየቅ ሞኝነት ነው። ኳስ ቤት ነዋ! አግዳሚው ላይ ተጠባብቆ የእንግሊዝን ጨዋታ ያያል። እረፍት ሲሆን ደግሞ ዋናው ክርክር ይጀመራል። ክርክሩ ታዲያ ሁልጊዜ ስለ ጎልና ስለ ኦፍሳይድ አይደለም። አንድ ስም ያለው ተጫዋች በፖሊስ ተያዘ የሚል ወሬ የተሰማ ዕለት ቤቱ ለሦስት ይከፈላል። አንደኛው ወገን "እንዲህ ያለ ሰው ማልያ ሊለብስ አይገባም፤ ዛሬውኑ ይባረር" ይላል። ሁለተኛው "ቆይ እንጂ፣ መጀመሪያ ፍርድ ቤቱ የሚለውን እንስማ" ይላል። ሦስተኛው፣ ቁጥሩ ከሁሉም የሚበዛው፣ "እኔ ምን አገባኝ፣ ጎል ያግባልኝ እንጂ" ባይ ነው።

ሦስቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። ጥያቄው ግን የኳስ ቤት ጨዋታ ሆኖ የሚቀር አይደለም። አንድ አሠሪ፣ ሠራተኛው ከሥራው ውጪ በሠራው ወይም ሠራ በተባለው ጥፋት ውሉን መቅደድ ይችላል ወይ? ከቻለስ መቼ ነው የሚችለው? በተያዘ ዕለት ነው? በተከሰሰ ዕለት ነው? ወይስ በተፈረደበት ዕለት? በእነዚህ ሦስት ቀናት መካከል ያለው ርቀት አንዳንዴ የሰውን ዕድሜ ይበላል። ደግሞም ጥያቄው ኳስ አገራችን ከመግባቱ በፊት የነበረ ነው። ጅማ ራሷ አንድ ጊዜ ውሏ እንዲህ ባለ መንገድ ፈርሶባታል።

ነገሩን ከሩቅ እንጀምረው። በአሜሪካና በካናዳ በበረዶ ላይ የሚጫወቱት ሆኪ የሚባል ጨዋታ አለ። የእኛን ገና የሚያውቅ ሰው ይህን ጨዋታ ለመረዳት አይቸገርም። ዱላው ቆልማማ ነው፤ የሚመታው ነገር ትንሽ ነው፤ ጥርስም ያወልቃል። ልዩነቱ፣ እኛ ዘንድ ገና ጌታና ሎሌ እኩል የሚሆኑበት የበዓል ጨዋታ ሲሆን እነሱ ዘንድ ተጫዋቹ በሚሊዮን ዶላር ውል የሚያድር ሠራተኛ መሆኑ ነው።

ማይክ ሪቻርድስ የሚባል ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ2007 ከፊላደልፊያ ክለብ ጋር የ12 ዓመት፣ የ69 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። ኋላ ወደ ሎስ አንጀለስ ኪንግስ ሲዛወር ውሉም አብሮት ሄደ። በ2012 እና በ2014 ከክለቡ ጋር ዋንጫ አነሳ። ከዚያ በኋላ ጉልበቱ ቀነሰ፤ የውሉ ገንዘብ ግን አልቀነሰም። በ2015 ሰኔ ወር ላይ ወደ ካናዳ ሲሻገር ድንበር ላይ ቁጥጥር ከሚደረግበት የሕመም ማስታገሻ ክኒን ጋር በተያያዘ ተያዘ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ክለቡ "መሠረታዊ የውል ጥሰት ተፈጽሟል" ብሎ ውሉን አፈረሰ። ልብ በሉ፤ የካናዳ ፖሊስ ክስ የመሠረተው ከዚያ በኋላ፣ በነሐሴ ነው። ውሉ የፈረሰው እንኳን ፍርድ፣ ክስ እንኳ ሳይኖር ነው ማለት ነው። የተጫዋቾቹ ማኅበር ተነሥቶ ተሟገተ። በጥቅምት ወር ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ። ሪቻርድስ ከቀረው 22 ሚሊዮን ዶላር ውስጥ 10.5 ሚሊዮን ያህሉን በብዙ ዓመታት ተቆራርጦ እንዲከፈለው ሆነ።

አሁን ደግሞ ይህን ስሙ። ያው ክለብ፣ በዚያው ሰሞን፣ ስላቫ ቮይኖቭ የሚባል ሌላ ተጫዋች ነበረው። ቮይኖቭ በ2014 ጥቅምት ላይ ባለቤቱን ደብድቧል ተብሎ ታሰረ። ሊጉ ወዲያው ከጨዋታ አገደው፤ ደመወዙ ግን ይከፈለው ነበር። በ2015 ክረምት ክሱን አልከራከርም ብሎ የ90 ቀን እስራት ተፈረደበት፤ ከዚያም አገሩ ሩሲያ ገባ። እንግዲህ አወዳድሩት። ክኒን ይዞ የተገኘው ጉልበቱ ያለቀበት ተጫዋች በሁለት ሳምንት ውስጥ ውሉ ተቀደደ። ሚስቱን ደብድቧል የተባለው፣ ገና ለጋ የሆነውና ክለቡ የሚፈልገው ተጫዋች ግን ለወራት በውሉ ቆየ። "ሥነ ምግባር" የሚለው ቃል ሁለት ሚዛን ሲኖረው ይታያችኋል?

ይህ አሠራር ለቡና አገር ሰው እንግዳ አይደለም። ክረምት ላይ የገበሬው ጎተራ ሲጎድል ነጋዴው ቀብድ ይሰጠዋል። ቡናው ገና ዛፉ ላይ አረንጓዴ ነው። ኅዳር ደርሶ ዋጋ ከወጣ ገበሬው በቀብዱ ታስሮ በድሮው ዋጋ ያስረክባል። ዋጋ የወረደ እንደሆነ ግን ነጋዴው ዓይኑ ይከፈታል፤ "ጀንፈልህ አልደረቀም፣ እርጥበት አለው፣ ድንጋይ ተቀላቅሎበታል" ይላል። ጀንፈሉ አምናም እንደዚያው ነበር። የተለወጠው የጀንፈሉ ድርቀት ሳይሆን የገበያው ዋጋ ነው። ክለቦችም እንዲሁ ናቸው። ተጫዋቹ ጎል በሚያገባበት ዓመት ጠባዩን ማንም አይመረምርም፤ እግሩ የደከመ ዕለት ግን ጠባዩ ይመረመራል። በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል የተባለው ለዚህ አይደል?

ሁሉም ግን እንዲህ አይደለም። ሮማኒያዊው አድሪያን ሙቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ኮኬይን መውሰዱ በምርመራ ሲረጋገጥ ቼልሲ አባረረው። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፤ በፊፋም፣ በዓለም አቀፉ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤትም የተረታው ሙቱ ነው። ለክለቡ 17 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ እንዲከፍል ተወሰነበት። እዚያ ጥፋቱ በማስረጃ የተረጋገጠ ነበር፤ ተጫዋቹም በየደረጃው ተሰምቷል። ከባድ ፍርድ ቢሆንም ፍርድ ነው።

ከሁሉም ይልቅ የሚያስተምረው የቤንጃሚን ሜንዲ ጉዳይ ነው። የማንቸስተር ሲቲው ተከላካይ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 በአስገድዶ መድፈር ተከሰሰ። ክለቡ አገደው፤ ከመስከረም ጀምሮም ደመወዙን አቆመ። ከሁለት ችሎት በኋላ በ2023 ከቀረቡበት ክሶች ሁሉ ነፃ ወጣ። በዚያው በጋ ውሉ አለቀ። ሰውየው ያልተከፈለኝ ደመወዝ ይከፈለኝ ብሎ ከ11 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ጠየቀ። በኅዳር 2024 የሥራ ክርክር ችሎቱ አብዛኛው ደመወዝ ይገባዋል አለ፤ ለመሥራት ዝግጁ ነበር፣ የከለከለው ከእጁ ውጪ የሆነ ነገር ነው በማለት። የዋስትና ግዴታውን ጥሶ በእስር ለቆየበት ጊዜ ግን አይገባውም አለ። ውሳኔው የሽማግሌ ፍርድ ይመስላል፤ የእሱን ጥፋት ለእሱ፣ የእሱ ያልሆነውን ለክለቡ ሰጠ።

ወደ ጅማ እንመለስ። ዛሬ የከተማዋ ክለብ ስሙን የወሰደው ከአባ ጅፋር ነው። አባ ጅፋር ዳግማዊ በ1870 ዓ.ም. ገደማ ገና ወጣት ሳሉ የጅማን ዙፋን ያዙ። ዘመኑ ክፉ ነበር። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ የሸዋው ምኒልክ የጎጃሙን ተክለ ሃይማኖት ድል ካደረጉ በኋላ የጊቤ አገሮች ዕጣ ወደ ሸዋ ዞረ። አባ ጅፋር መዋጋትም መገበርም ይችሉ ነበር። እናታቸው ጉሚቲ "ገብር፣ አገርህን አድን" ብለው መከሯቸው ይባላል። ገበሩ። ስምምነቱ ቀላልና ግልጽ ነበር። ጅማ በየዓመቱ የተቆረጠ ግብር ትከፍላለች፤ በዘመቻም ጊዜ ጦር ትልካለች። በምላሹ የውስጥ አስተዳደሯ በንጉሧ እጅ ይቆያል፤ እንደ ሌላው አገር ነፍጠኛ አይሰፍርባትም፤ መሬቷም አይከፋፈልም።

ይህን ውል ጅማ ሃምሳ ዓመት ያህል ጠበቀችው። ጎረቤቶቿ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ሊሙ ራሳቸውን የሚያስተዳድሩበት ዕድል ሲያጡ፣ ከፋ በ1889 ዓ.ም. በጦር ተደምስሳ ንጉሧ ጋኪ ሸሮቾ በሰንሰለት ሲወሰዱ፣ ጅማ በውሏ ቆመች። የሂርማታ ገበያ ሰፋ፤ ነጋዴው ከየአቅጣጫው መጣ፤ ቡናው፣ ማሩ፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ በእሷ በኩል አለፈ። እውነቱን ለመናገር ሰውም ተሽጦባታል። ሂርማታ ትልቅ የባሪያ ገበያ ነበረች። ለንጉሡና ለነጋዴው የሠራው ውል ለተሸጠው ሰው ምንም አልፈየደለትም። ውል የሚጠብቀው በውሉ ውስጥ ስሙ የተጠራውን ብቻ ነው። ይህንንም እንያዝ፤ ኋላ ይጠቅመናል።

ታዲያ ያ ውል እንዴት ፈረሰ? አባ ጅፋር አርጅተው፣ ታመው ቤት ሲውሉ ሥልጣኑ ወደ ልጅ ልጃቸው ወደ አባ ጆቢር አለፈ። አዲስ አበባ ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ሁሉን ነገር ወደ ማዕከል የሚሰበስቡበት ጊዜ ነበር። የጅማ የቡናና የቀረጥ ገቢ ያስጎመጃል። አባ ጆቢር እምቢተኛ ነው፣ አመፅ ያስባል ተባለ። ተያዙ፤ ታሰሩ። በ1924 ዓ.ም. ጅማ እንደ ማንኛውም ጠቅላይ ግዛት ከአዲስ አበባ በሚላክ ሹም ሥር ሆነች። የሃምሳ ዓመቱ ውል በአንድ ሰው ክስ ተቀደደ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንመርምር። አባ ጆቢር በእርግጥ አምፀው ነበር ወይስ አላመፁም የሚለውን የታሪክ ሰዎች ይከራከሩበት። እኔን የሚይዘኝ ሌላው ነገር ነው። ከሳሹም፣ ዳኛውም፣ ከውሉ መፍረስ የሚጠቀመውም አንድ ወገን ነበር። በጅማና በሸዋ መካከል የተደረገው ስምምነት አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት፤ "ተጣላን ጊዜ ማን ይዳኘን?" የሚል ቃል አልነበረውም። አባ ጅፋርና ምኒልክ በሕይወት እስካሉ፣ ጥቅማቸውም እስከተጣጣመ ድረስ ውሉ በሰዎቹ ላይ ቆመ። ሰዎቹ ሲያልፉና ጥቅሙ ሲለወጥ የሚደግፈው አልነበረም። የሎስ አንጀለሱ ሪቻርድስ ከአባ ጆቢር የተሻለ ዕድል ያገኘው ጥፋቱ ስላነሰ አይመስለኝም። ማኅበር ስለነበረው፣ ሦስተኛ ዳኛም ስለነበረ ነው።

ይህ ማለት ግን አገራችን የዳኝነት ባህል አልነበራትም ማለት አይደለም። እንዲያውም በዚህ ጉዳይ ላይ የሚጠቅመን አንድ የጥንት ሥርዓት ነበረን፤ ቁራኛ። ዛሬ "የቁም እስረኛ" ለማለት ያህል ብቻ ቀርቶልናል። በድሮው ሥርዓት ሁለት ሰዎች ሲካሰሱ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ ድረስ ከሳሽና ተከሳሽ አንድ ላይ ይቋጠሩ ነበር፤ አንዳንዴ በነጠላ ጫፍ፣ ነገሩ ሲከብድ በሰንሰለት። አብረው ይሄዳሉ፤ አብረው ያድራሉ። ተከሳሹ ማምለጥ አይችልም። ከሳሹም ክሱን ጥሎ ወደ ቤቱ ሄዶ መተኛት አይችልም። "በሕግ አምላክ" ብሎ የያዘ ሰው ራሱም ይያዛል። በሕግ አምላክ ሲባል ወራጅ ውኃ ይቆማል የሚለው አባባል የሚሠራው ለሁለቱም ነው።

ሥርዓቱ ጨካኝ ነበር፤ ማንም ይመለስ አይልም። ውስጡ ያለው ሐሳብ ግን ትልቅ ነው። ከክስ እስከ ፍርድ ያለው ጊዜ ሸክም ነው፤ ሸክሙን ሁለቱም ይሸከሙት ነው የሚለው። ከሳሽ በነፃ የሚከስ ከሆነ ክስ ይበዛል። ተከሳሽ ብቻውን የሚታሰር ከሆነ ደግሞ ሳይፈረድበት ተቀጣ ማለት ነው።

ዘመናዊው ሕጋችንስ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በደንብ የተደረገ ውል ለተዋዋዮቹ ሕግ ነው ይላል። ሕግ ደግሞ አንዱ ወገን ሲከፋው የሚቀደድ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ ንፁህ ሆኖ የመገመት መብት አለው ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ፣ በ1996ቱም በ2011ዱም አዋጅ፣ ነገሩን በሁለት ጫፍ ይዞታል። ሠራተኛው ከ30 ቀን ለማይበልጥ ጊዜ ቢታሰርና አሠሪው በ10 ቀን ውስጥ ቢነገረው ውሉ ይታገዳል እንጂ አይፈርስም፤ በእገዳው ጊዜ ሥራም ደመወዝም የለም። በሌላው ጫፍ፣ ሠራተኛው ከያዘው ሥራ ጋር የማይሄድ ጥፋት ፈጽሞ ጥፋተኛ ከተባለ፣ ወይም ከ30 ቀን በላይ እስራት ተፈርዶበት ከሥራ ከቀረ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይቻላል።

ጥሩ ነው። ሕጉ "ፍርድ" ይላል እንጂ "ወሬ" አይልም። ነገር ግን በሁለቱ ጫፎች መካከል ትልቅ ክፍተት አለ። ሰው በእኛ አገር በጊዜ ቀጠሮ ከ30 ቀን በላይ ሊቆይ እንደሚችል ለማወቅ ጠበቃ መሆን አያስፈልግም። ያልተፈረደበት ግን ወደ ሥራው መመለስ ያልቻለ ሰው ምን ይሁን? እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው ሰው የሚጠፋው።

ይህ ክፍተት ምን ያህል ሊሰፋ እንደሚችል ማወቅ የፈለገ የማሞ ወልዴን ታሪክ ያስታውስ። ማሞ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ኮሪያ ዘምቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ኦሊምፒክ ሮጧል። በ1968 ሜክሲኮ ላይ አበበ ቢቂላ በጉዳት ሲያቋርጥ ማራቶኑን አሸንፎ ሦስተኛውን ተከታታይ ወርቅ ለኢትዮጵያ ያመጣ እሱ ነው፤ በ10 ሺህ ሜትርም ብር አግኝቷል። በ1972 ሙኒክ ላይ አርባ ዓመቱ አካባቢ ሆኖ ነሐስ ጨመረበት። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ በ1993 በቀይ ሽብር ጊዜ የቀበሌ ባለሥልጣን ሳለ በአንድ ወጣት ግድያ ተሳትፏል ተብሎ ታሰረ። እሱ አልገደልኩም አለ። የዓለም ኦሊምፒክ ኮሚቴ ጠየቀለት፤ በማራቶን ተፎካካሪው የነበረው አሜሪካዊው ኬኒ ሙር ስለ እሱ ጽፎ ተሟገተ። ፍርዱ የተሰጠው በጥር 1994 ዓ.ም. ነው። ስድስት ዓመት ተፈረደበት። ታስሮ የቆየው ግን ዘጠኝ ዓመት ነበር! ስለዚህ በዚያው ተለቀቀ። በግንቦት ወር አረፈ። ነፃ ሰው ሆኖ የኖረው አራት ወር ያህል ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አብሮ መያዝ ይከብዳል፤ መያዝ ግን ግድ ነው። አንደኛው፣ በቀይ ሽብር የሞተ ልጅ አለ፤ ለእሱም ፍትሕ የሚጠይቅ ቤተሰብ አለ። ሜዳሊያ የሰው ደም አያጥብም። ሁለተኛው፣ የስድስት ዓመት ፍርድ ለማግኘት ዘጠኝ ዓመት የታሰረ ሰው፣ ጥፋተኛም ቢሆን፣ ተበድሏል። የዘገየ ፍርድ ለሟች ቤተሰብም ቢሆን ፍርድ አይደለም። ቁራኛውን የሚያስረው ዳኛ ሲተኛ የታሰሩት ሁለቱም ይሰቃያሉ።

አሁን ወደ ኳሱ። ጅማ አባ ጅፋር በ2009 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ አደገ። በመጀመሪያ ዓመቱ፣ በ2010 ዓ.ም.፣ በአሠልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌ እየተመራ፣ በናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ ጎሎች እየታገዘ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስን በግብ ክፍያ ብቻ በልጦ ዋንጫውን ወሰደ። በቀጣዩ ዓመት በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ከግብፁ አል አህሊ ጋር ተገናኝቶ በድምር ውጤት 2 ለ 1 ብቻ ተሸንፎ ወጣ፤ በሜዳው እንዲያውም 1 ለ 0 አሸንፏል። አሠልጣኙ ወደ መቐለ ሄዶ እዚያም ዋንጫ አነሳ። ጅማ ግን ቁልቁል ወረደ፤ በ2014 ዓ.ም. ከሊጉ ተሰናበተ። ከሻምፒዮንነት እስከ ስንብት አራት ዓመት!

የዚህ ሁሉ ምክንያት አንድ አይደለም። ነገር ግን የአገራችን ክለቦች አብዛኞቹ በከተማ አስተዳደር በጀት የሚኖሩ መሆናቸውን፣ በጀቱ ሲዘገይ የተጫዋች ደመወዝም እንደሚዘገይ፣ የስፖርት ጋዜጣ የሚያነብ ሁሉ ያውቃል። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ክለቦችና ፌዴሬሽኑ ከፍተኛው የተጫዋች ደመወዝ በወር 50 ሺህ ብር እንዲሆን የወሰኑት ወጪው ከአቅም በላይ ስለሆነባቸው ነው። በዚያው ጅማ ዋንጫ ባነሳበት 2010 ዓ.ም. ፊፋ ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ጨምሮ ነበር። ክለብ የሁለት ወር ደመወዝ ካልከፈለ ተጫዋቹ 15 ቀን አስጠንቅቆ በበቂ ምክንያት ውሉን ማፍረስ ይችላል የሚል ነው። ውል አፍራሽ ሁልጊዜ ተጫዋቹ ብቻ እንዳልሆነ ዓለም ያመነበት አንቀጽ ነው።

ይህን የማነሣው ለነገሩ ሚዛን ለመስጠት ነው። ክለብ ስለ ተጫዋቹ ጠባይ ሲናገር "የክለቡን ስም አጉድፏል" ይላል። መልካም። የተጫዋቹን የቤት ኪራይ ለሦስት ወር ያላስከፈለ ክለብስ የማንን ስም ነው ያጎደፈው? የኳስ ተጫዋች የሥራ ዕድሜ ቢረዝም አሥር፣ አሥራ አምስት ዓመት ነው። የቢሮ ሠራተኛ ሁለት ዓመት ታግዶ ነፃ ቢወጣ ጠረጴዛው ይጠብቀዋል። ተጫዋች ሁለት ዓመት ከሜዳ ከራቀ ግን ነፃ ቢወጣም እግሩ አይመለስለትም። ከአጋሮ ገጠር የወጣ ልጅ ከሆነ ደግሞ በእሱ ደመወዝ የሚማሩ ታናናሾች፣ ቆርቆሮ ለብሶ ያልተገረፈ ቤት አለ። ውል መቅደድ ለክለቡ አንድ ደብዳቤ ነው፤ ለእሱ ቤት ሙሉ ሰው ነው።

"ታዲያ ምን ይደረግ? ሴት ደፍሯል የተባለ ሰው እሑድ ማልያ ለብሶ እየተጨበጨበለት ይውጣ?" የሚል አንባቢ ይኖራል። አይውጣ። ክለብ የከተማ ስም ይዟል፤ በሕዝብ ገንዘብ ይኖራል፤ ሜዳው ላይ የሚያቆመውን ሰው የመምረጥ መብት አለው። ከሳሿም ሴት በዚያችው ከተማ ትኖራለች፤ ገበያ ትወጣለች፤ ጭብጨባውን ትሰማለች። ቅድም ያልነው ይኸው ነው፤ ውል የሚጠብቀው በውሉ ውስጥ ስሙ የተጠራውን ነው። በክለብና በተጫዋች ውል ውስጥ ተበዳይ ስሟ የለም። ስለዚህ የእሷን ነገር የሚጠብቅ ውሳኔ ክለቡ አስቀድሞ ማሰብ አለበት፤ የሜዳው ጩኸት ካየለ በኋላ ማሰብ አይቻልም።

መፍትሔው ያን ያህል የራቀ አይመስለኝም። ክለብና ተጫዋች ሲፈርሙ ሰው ሁሉ ፈገግ ብሎ ፎቶ ይነሣል፤ ስለ ክፉ ቀን ማንም አያነሣም፤ እንደ ማሟረት ይቆጠራል። ውል ግን የሚጻፈው ለክፉ ቀን ነው። ለደግ ቀንማ መተማመን ይበቃል። ስለዚህ ከፊርማው በፊት ይጻፍ። ተጫዋች በከባድ ወንጀል ሲከሰስ ከሜዳ ይታገዳል ይባል። በእገዳው ጊዜ ግን ከደመወዙ ቤተሰቡን የሚያቆይ የተወሰነ እጅ ይከፈለዋል ይባል፤ ሕጉ ከፍ ያለ መብት መስጠትን አይከለክልምና። ከተፈረደበት ውሉ ይፈርሳል። ነፃ ከወጣ ቀሪው ይከፈለዋል፤ ልምምድም ይመለሳል። ዋስትናውን ጥሶ ራሱን ካሳሰረ የራሱ ጉዳይ ነው። ለጎል አግቢውም፣ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ለሚቀመጠውም መለኪያው አንድ ይሁን። ሲጣሉም የሚዳኛቸው ከክለቡ ፕሬዝዳንት ውጪ የሆነ ሰው ይሁን።

ይህ ከሆነ ከክስ እስከ ፍርድ ያለው ዘመን የአንዱ ወገን ሸክም መሆኑ ይቀራል። ክለቡም ጉዳዩ ቶሎ እንዲያልቅ ይፈልጋል፤ በየወሩ ኪሱን ይነካዋልና። ተጫዋቹም ቀጠሮ አያራዝምም፤ ከሜዳ ርቋልና። ሁለቱም ዳኛው ደጃፍ ላይ ቆመው "ቶሎ ፍረድልን" ይላሉ። አያቶቻችን ሁለት ተካሳሾችን በአንድ ነጠላ ሲቋጥሩ የፈለጉት ይህንኑ ነበር። ጅማ ደግሞ ዳኛ የሌለው ውል እንዴት እንደሚፈርስ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ የክለቧ ስም ራሱ ያስታውሳታል።